የፓምፑ ጎሚኒ ሲያልቅ ማን ይከፍላል?

ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ምግብ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። በዚህ ወር ግን ስለ ገንዘብ እንነጋገራለን፤ ስለ ውሃና ስለ ፍሳሽ ገንዘብ። «ይህ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ወደ ጤና አምድ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እስቲ እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ።

በመተማ ቆላ በመድኃኒት መደብር ባንኮ ኋላ የቆመ ሰው፣ የየትኛው ቀበሌ ፓምፕ እንደተሰበረ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡ እናቶች ይበዛሉ። ሁሉም ሕፃን አዝለዋል፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ፍላጂል ስጪኝ።» ፍላጂል የአሜባና የጃርዲያ መድኃኒት ነው። የሕፃናትን ተቅማጥ በብዛት የሚያመጡት ቫይረሶች ላይ ግን ምንም አይሠራም፤ ያለ ምርመራ መግዛቱ ብርንም ጤናንም ማባከን ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ አንድ ሰፈር በወር ውስጥ ለሽሮፕና ለክኒን የሚያወጣው ብር ቢደመር፣ ብዙ ጊዜ ያንኑ የተሰበረ ፓምፕ መጠገን የሚችል መሆኑ ነው። ፓምፑን ያቆመው ከውስጡ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከሰፈሩ ኪስ መውጣቱ አልቀረም፤ የወጣው ግን ዘግይቶና ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው።

በስም ውሃ፣ በበጋ ጥም

የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ገንዳ ውሃ ነች። ወረድ ሲሉ አገም ውሃ የሚባል ቀበሌ አለ። የአካባቢያችን ስሞች ውሃ ውሃ ይላሉ። በክረምትም እውነት ነው፤ ጓንግና ሽንፋ ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ፣ አንዱ ወደ አትባራ፣ ሌላው ወደ ራሃድ ሆኖ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ጥር ካለፈ በኋላ ግን ትንንሾቹ ጅረቶች ይደርቃሉ፤ ትልልቆቹም ይመነምናሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ሰው የወንዙን አሸዋ እየጫረ ይቀዳል፤ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል።

በዚህ ላይ የሰሊጥና የጥጥ ሥራ አለ። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸውን፣ ማንም የቀበሌ መዝገብ አይቆጥራቸውም። ለ300 ሰው ያህል ታስቦ የተተከለ አንድ የእጅ ፓምፕ በዚያ ሰሞን ስንቱን እንደሚያጠጣ ገምቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፦ የእርሻ ባለቤት ለትራክተርና ለነዳጅ በጀት ሲይዝ፣ ለሠራተኛው ንጹሕ የመጠጥ ውሃና ለመጸዳጃ ጉድጓድም መያዝ አለበት። ይህ ችሮታ አይደለም፤ የሠራተኛው ሐቅ ነው። በሜዳ የተጸዳዳ ሠራተኛ ቆሻሻ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ታጥቦ የሚገባው እኛው ወደምንቀዳበት ወንዝ ነው።

የውሃና የመጸዳጃ እጦት ምን እንደሚያመጣ በ2015 ዓ.ም በዓይናችን አይተናል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ የሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ መተማ ዮሐንስ ከገላባት ማዶ ነፍሱን ለማትረፍ ለሚሸሽ ሁሉ በር ሆነች። ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ካርቱም ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊ በዚያች ድልድይ ተሻገረ። በችኮላ በተከፈተው የኩመር የስደተኞች ጣቢያ በነሐሴ ወር ኮሌራ ገባ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ኮሌራ ስደተኛና ነዋሪ ብሎ አይለይም፤ ውሃና ዓይነ ምድር የተገናኙበትን ቦታ ብቻ ይፈልጋል። ያኔ የውሃ ቦቴ ተመላለሰ፣ ክሎሪን ታደለ። የነፍስ አድን ሥራ ነው፤ አላህ የደከሙትን ሁሉ ይመንዳቸው። ነገር ግን በመኪና የሚመላለስ ውሃ ከውሃ ሁሉ ውዱ ነው። መኪናው ሲቆም ውሃውም ይቆማል፤ ለነገም ምንም አይተርፍም።

የሚቆፍር ገንዘብና የሚያቆይ ገንዘብ

ለገጠር ውሃ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉድጓዱን ይቆፍራል፤ ፓምፑን ይገዛል፣ ሲሚንቶውን ያቀርባል። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጎሚኒውን፣ ዘንጉን፣ ነዳጁን፣ የጥበቃውን ደመወዝ ይከፍላል። የመጀመሪያው አንዴ ይመጣል፤ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሣበታል። ሁለተኛው በየወሩ ጥቂት በጥቂት የሚመጣ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺም አይከተለውም።

የአገራችን የውሃ ሀብት ፖሊሲ በ1991 ዓ.ም ሲወጣ ይህን በግልጽ ለይቶታል። የከተማ ውሃ ሙሉ ወጪውን ከተጠቃሚው ይመልሳል። የገጠር ውሃ ተጠቃሚ ደግሞ የግንባታውን ሸክም ሁሉ አይሸከምም፤ የማስኬጃና የጥገና ወጪውን ግን ራሱ ይሸፍናል። ብዙ ሰው ይህን አልሰማም። ፓምፑ ሲሰበር «መንግሥት ይምጣ» ወይም «የሠራው ድርጅት ይምጣ» ብሎ ይጠብቃል። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ባለሙያ ይኖረዋል፣ ለባለሙያው ሞተር ብስክሌት ነዳጅ ያጣል። በዚህ መካከል ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ሁኔታውን በአገር ደረጃ እንየው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያደርጉት ክትትል መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከኢትዮጵያ ሕዝብ 57 በመቶው የተሻሻለ የውሃ ምንጭ ያገኝ ነበር። ከ1982 ዓ.ም ወዲህ የታየ ትልቅ ዕድገት ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም በተካሄደው ብሔራዊ የውሃ ተቋማት ቆጠራ፣ ከገጠር ውሃ ተቋማት ከአራቱ አንዱ ያህል አይሠራም ነበር። ከአራት ጉድጓድ አንዱ ተቆፍሮ፣ ተመርቆ፣ ቆሞ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ይል ነበር። በወረቀት ላይ የተቆጠረ ጉድጓድ ግን ጀሪካን አይሞላም።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል ብትሉ፣ በአሜሪካ እስከ 10,000 ሕዝብ ያላቸው የገጠር ከተሞች ለውሃና ለፍሳሽ ሥራ ከእርሻ ሚኒስቴራቸው እስከ 40 ዓመት የሚከፈል ብድር ያገኛሉ፤ አቅም ለሌለው ስጦታ ይታከልበታል። በእኛም አገር በ1994 ዓ.ም የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ተቋቁሞ ለከተሞች የውሃ አገልግሎት ሲያበድር ቆይቷል። ብድር ግን ቆጣሪ፣ ደረሰኝና ቋሚ ገቢ ያለው ተቋም ይፈልጋል። 60 ቤተሰብ ያለበት መንደር ያን መመዘኛ አያሟላም። ለእሱ የሚቀረው ስጦታና የራሱ ቁጠባ ነው።

ገንዘቡ በሰፈሩ እጅ ሲገባ

በዚህ ጉዳይ የአማራ ክልል ለመላው አገሪቱ ያስተማረው ነገር አለ። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም መጀመሪያ እንደ ሌላው ሁሉ ራሱ እየገዛ ራሱ ይገነባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን መንገዱን ቀየረ። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ኋላ ፀደይ ባንክ በሆነው፣ በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ መለቀቅ ጀመረ። መንደሩ ለወረዳው ያመለክታል፤ ሲፈቀድለት ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ራሱ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ድንጋይና አሸዋ በራሱ ጉልበት ያቀርባል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ይቆጥባል። በ2003 ዓ.ም ኮዋሽ በሚል ስም ሥራው ወደ ሌሎች ክልሎችም ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም ደግሞ ይህን አሠራር በማኅበረሰብ የሚተዳደር ፕሮጀክት ብሎ ከመንገዶቹ አንዱ አድርጎታል።

ለምን ሠራ? የሲሚንቶውን ዋጋ ራሱ ተከራክሮ የገዛ ሰው ጉድጓዱን «የእነሱ» አይለውም። ሲበላሽ የት እንደሚሄድ፣ ማንን እንደሚጠራ፣ ስንት እንደሚጠየቅ ያውቃል። ገንዘቡን ማን እንደያዘም መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ሐሜቱ ይቀንሳል። ይህን በቀላሉ አትዩት፤ ብዙ የውሃ ኮሚቴ የፈረሰው በሐሜት ነው።

ይሁን እንጂ የደጋውን ልምድ እንዳለ አንሥቶ ቆላ ማውረድ አይቻልም። አሠራሩ በተለይ የሚመቸው በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለሚጎለብት ምንጭ ነው። በቆላችን በብዙ ቦታ ውሃው ጥልቅ ነው፤ የመቆፈሪያ ማሽን ያስፈልጋል፣ ማሽን ደግሞ አንድ መንደር የሚከራየው ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁፋሮው የክልሉ፣ የወረዳው፣ የረጂው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። መንደሩ ሊይዘው የሚችለውና ሊይዘው የሚገባው ሁለተኛውን፣ የሚያቆየውን ገንዘብ ነው።

የተተከለላችሁ ፓምፕ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። አፍሪዴቭ ከሆነ እስከ 45 ሜትር ለሚደርስ ጥልቀት የተሠራ፣ የመንደር ሰው ሥልጠና ወስዶ በአንድ የብሎን ቁልፍ እየፈታ ጎሚኒውን እንዲቀይር ታስቦ የተነደፈ ነው። ኢንድያ ማርክ ሁለት ከሆነ ጠንካራ ነው፤ ከተበላሸ ግን ቧንቧውን የሚያወጣ መሣሪያና ባለሙያ ይፈልጋል። ሞተር ያለው ከሆነ ነዳጅ አለ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ከሆነ ነዳጅ የለበትም፤ ፀሐይ ደግሞ ለእኛ አላህ ያልከለከለን ጸጋ ነው። ሆኖም የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ አንድ ቀን ይቃጠላል፣ ያን ጊዜ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ይጠይቃል። «ፀሐይ ነጻ ናት» ብሎ መዋጮውን ያቆመ መንደር ያቺን ቀን ባዶ እጁን ነው የሚያገኛት።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። 60 ቤተሰብ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ጎሚኒ ለመቀየርና ባለሙያ ለመጥራት መነሻ ይሆናል። ለእኛ ገበሬ ግን በየወሩ መክፈል ይከብዳል፤ ገንዘብ የሚያየው ሰሊጡ ሲሸጥ ነው። በሐምሌ በር እያንኳኩ ከመጨቃጨቅ፣ የዓመቱን አንድ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ መሰብሰብ ይሻላል። የመክፈል አቅም የሌላት መበለት ወይም አቅመ ደካማ ካለ ሰፈሩ ራሱ ስሙን ሳያነሣ ይለፈው።

ሌላም ምክር አለኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል፤ በመድኃኒቱም አይተነዋል። ኮሚቴው ያለውን ብር ሁሉ በባንክ ከሚያስቀምጥ፣ ከፊሉን ዛሬውኑ መለዋወጫ ገዝቶ ቁልፍ ባለው ሣጥን ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። ጎሚኒ ዋጋው አይወርድም፤ ብር ግን ይወርዳል። «ወለድ ይነካናል» ብለው ሒሳብ ሳይከፍቱ መዋጮውን በአንድ ሰው ቤት የሚያስቀምጡም አሉ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በብዙ ባንኮች መስኮት ይሰጣል፤ በ2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን ዘምዘምን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም አሉ። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ከሦስቱ አንዷ ውሃ የምትቀዳ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚሰማው ወገብ የእሷ ነውና።

ሰደቃችን የት ላይ ይቁም?

ውሃ ማጠጣት ከሰደቃ ሁሉ ተወዳጅ ከሆኑት መሆኑን በመድረሳ ተምረናል። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ለሞቱት እናታቸው ጉድጓድ ማስቆፈራቸውን፣ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሕዝቡ በነፃ መልቀቃቸውን የማያውቅ ሙስሊም የለም። በዚህም ምክንያት በረመዳን ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው እንዲሁም በውጭ አገር ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ወገን ብዙ ነው። አላህ ይቀበላቸው።

ነገር ግን የሰጪው ስም በሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ከሰሌዳው ሥር ፓምፑ ዝጎ የቆመበት ቦታ አለ። ጃሪያ ማለት የሚፈስ፣ የማይቋረጥ ማለት አይደለም እንዴ? የቆመ ፓምፕ ምን ይፈስሳል? ስለዚህ ጉድጓድ ለማስቆፈር የተነሣ ሰው ገንዘቡን ሁሉ በቁፋሮው ላይ አያፍስስ። ከአሥር እጅ ሁለቱን ለመለዋወጫና ለመንደሩ የጥገና ሒሳብ ይተው፤ ሁለት የመንደር ልጆች እንዲሠለጥኑም ይክፈል። ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሮ ከመተው ሁለት አስቆፍሮ ማኖር ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ። እንዲያውም አዲስ ከመቆፈር በፊት በአካባቢው የተሰበረ ስንት እንዳለ መጠየቅ ይቀድማል። የተሰበረ መጠገን አዲስ የመቆፈርን ሩቡን ወጪ እንኳ ላይጠይቅ ይችላል፤ ሰሌዳ ግን ስለማይሰቀልበት ፈላጊው ትንሽ ነው።

የጥንቶቹ ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። በካይሮ መንገደኛ ውሃ የሚጠጣባቸው ሰቢሎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1744 በዐብዱርራሕማን ከትኹዳ የተሠራው ዛሬም ቆሟል። እንዲህ ያሉ ሰቢሎች ሲሠሩ አብሮ ወቅፍ ይደረግላቸው ነበር፦ ሱቅ፣ ቤት፣ የእርሻ መሬት። የወቅፉ ሰነድ ከኪራዩ ላይ የውሃ ቀጂው ደመወዝ፣ የባልዲውና የገመዱ ዋጋ እንዲከፈል ያዝዛል። ገመዱን ሳይቀር! የእኛ ጎሚኒ የእነሱ ገመድ ነው። በገንዳ ውሃ ወይም በመተማ ዮሐንስ አንዲት ትንሽ ሱቅ ወቅፍ ብትደረግና ኪራይዋ ለአንድ ቀበሌ ፓምፖች ጥገና ቢውል፣ በየዓመቱ መዋጮ ከመለመን ትገላግላለች።

ዘካን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘካ በቁርኣን የተወሰኑ ስምንት ባለ መብቶች አሉት፤ አብዛኞቹ ዑለሞችም ለጉድጓድና ለመንገድ ለመሳሰለው የጋራ ሥራ አይውልም ይላሉ። ኮሚቴዎች ዘካና ሰደቃን በአንድ ሣጥን እንዳይቀላቅሉ፣ ጥያቄም ካላቸው የአካባቢያቸውን ዓሊም እንዲጠይቁ አሳስባለሁ።

ማንም የማይረዳው ግማሽ

እስካሁን ስለሚመጣው ውሃ ተናገርን። የሚሄደውስ? ለመጠጥ ውሃ ረጂ ይገኛል፤ ለቤት መጸዳጃ ጉድጓድ ግን የመንግሥት አሠራር ራሱ ድጎማ አይሰጥም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ወጪ እንዲሠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንድታስተምር ነው የተወሰነው። ሐሳቡ አይከፋም፤ ያልለፋበትን መጸዳጃ የእህል መጋዘን የሚያደርግ አለና። በቆላ ግን አንድ ችግር አለ፤ እሱም መሬቱ ነው። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ያልተደገፈ ጉድጓድ ይናዳል። እንጨቱን ደግሞ ምስጥ ይበላዋል። አንዴ የተናደበት ቤተሰብ ሁለተኛ ለመቆፈር አይነሣም፤ ወደ ሜዳው ይመለሳል።

ስለዚህ የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል በድንጋይ መደገፍ ወይም ታችና ላዩ የተቆረጠ በርሜል ማስገባት፣ አፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ በሲሚንቶ ክዳን መሸፈን ያስፈልጋል። ለቤቱ ግድግዳ ቀርከሃ በአካባቢያችን ሞልቷል። ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትርና ከዚያ በላይ ይራቅ፤ ከውሃው በላይ በኩል ባለው ተዳፋትም አይቆፈር። ወጪው ድንጋይና ሲሚንቶው ነው። አሥር ቤተሰብ እቁብ ገብቶ በየወሩ ለአንድ ቤት ክዳን ቢሠራ፣ ዓመት ሳይሞላ አሥሩም ይዳረሳሉ። ለሰርግና ለዕቃ እቁብ የምንገባ ሰዎች ለዚህ ምን ይከለክለናል?

የመስጂድ ጀማዓም የራሱ ድርሻ አለበት። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ የሚያፈሰው ቦታ የመስጂዱ የውዱእ ቦታ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ውዱእ የሚያደርግ ሰው 5 ሊትር ቢያፈስ፣ 100 ሰው በአንዲት ጁሙዓ 500 ሊትር ያፈስሳል፤ 25 ጀሪካን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ከአንድ ሊትር በማይበልጥ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። የተረፈው ደጃፍ ላይ ተንጣሎ ጭቃ ይሆናል፣ የትንኝ መራቢያም ይሆናል። ዋልካ መሬት ውሃ ቶሎ ስለማያሰርግ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መሙላት ብቻውን አይበቃም። ፍሳሹን በቦይ መርቶ ለፓፓያ፣ ለሙዝ፣ ለኒም ዛፍ ማጠጣት ከሁሉ ይሻላል፤ ጥላም ፍሬም ይገኝበታል። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ግን ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል።

ፓምፑ እስኪጠገን

ወደ መድኃኒት መደብሬ ልመለስ። ፓምፑ ቆሞ ከወንዝ ወይም ከኩሬ የምትቀዱ ከሆነ፣ ጥሩ ሆኖ መታየቱ አያታልላችሁ፤ የኮሌራና የታይፎይድ ተዋሲያን በጠራ ውሃም ይኖራሉ። የደፈረሰውን በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ አፍሉት፤ ወይም «ውሃ አጋር»ን የመሰለ የውሃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። መጠኑን በግምት አታብዙ፣ አታሳንሱ።

ሕፃን ካስቀመጠው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ ነው። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። የዚንክ ክኒን ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ 10 ሚሊ ግራም፤ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይቀጥል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ በብዛት የሚወርድ፣ ዓይኑ የሰረጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ደም የቀላቀለ ከሆነ ወደ እኛ አትምጡ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ፓምፑ ተጠግኖ በተመለሰ ቀንም ደስታው ያስቸኩላል። ጉድጓዱ ሲከፈት እጅ፣ ገመድና ቧንቧ ገብቶበታል፤ የወረዳው ውሃ ባለሙያ በክሎሪን ሳያክመው አትጠጡ። ክሎሪኑ ሌሊቱን ውስጡ አድሮ በማግሥቱ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እየተቀዳ ይፈሰስ፤ ያ ውሃ ለከብትም ለውዱእም አይሁን፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ይደፋ። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው የመጀመሪያው ጀሪካን የመንደሩ ነው።